እህቴ አቻዋን አገባች

እሺ ስሙኝ፣ ስሙኝ፣ ስሙኝ! ኤልዳና አገባች! እህቴ! ደሞ ማንን ብትሉ፣ አቻዋን! የገዛ አቻዋን! ቅል ሰባት ውቅያኖስ ላይ ከተንሳፈፈ ጀምሮ አቻውን ያገባ ሰው የለም። እንኳን ሊያገባው፣ አቻውን በቅርብ ያየው ራሱ ስንት ሰው ነው?

ኧረ ቆይ፣ ቸኩዬ አበላሸሁት። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቅል የምንለው ሰፈራችንን ነው። የመንግሥት ስሙ «ተንሳፋፊ የጋራ መኖሪያ ሳይት ሰባት» ነው፤ ግን ከሩቅ ስታዩት ለሁለት ተሰንጥቆ ሆዱን ውሃ ውስጥ የነከረ ትልቅ ቅል ነው የሚመስለው፣ ቀጭን፣ ጎባጣ፣ ቤቶቹ ውስጡ ክብ ሠርተው የተደረደሩበት። አዲስ አበባ ላይ ቦታ ሲያልቅ ዕጣው ባሕር ላይ መውጣት ጀመረ፣ ለእማዬና ለአባቢም እዚህ ወጣላቸው። እማዬ ያኔ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር አሉ፤ እስከ ዛሬ ሙድ ይያዝባታል።

እዚህ ጠዋት ተነስቶ፣ በር ከፍቶ፣ ዘው ብሎ መውጣት የለም። በሩ ላይ መብራት አለች። መብራቷ የምትበራው በወዲያኛው ዳር፣ ልክ በትይዩአችሁ የሚኖረው አቻችሁ ሲነሳ ነው። እሱ አምስት እርምጃ ወደ መሀል ሲራመድ እናንተም አምስት ትራመዳላችሁ። እሱ ሲመለስ ትመለሳላችሁ። ካልወጣችሁ መብራቷ መጮህ ትጀምርና ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ያያችኋል። ትምህርት ቤቱም ገበያውም ቤተክርስቲያኑም መሀል እምብርቱ ላይ ነው፤ እዚያ ማንም ከማንም ጋር ቢቆም ቅሉ አይሰማውም። አቻችሁ ጉንፋን ከያዘው ግን እናንተም ቤት ናችሁ። ትምህርት ቤት ስትቀሩ «አሞኝ ነው» አይባልም፣ «ታሞብኝ ነው» ነው የሚባለው። አስተማሪዎቹም «እግዜር ይማርልሽ» ብለው ያልፏችኋል።

የኔ አቻ ደሞ በግ ነው።

አትሳቁ! ማርያምን አትሳቁ! በዕድሜና በክብደት የሚገጥመኝ ልጅ በምዕራብ በኩል ጠፋና የጋሽ ተካልኝን ሙክት ሰጡኝ። ጋሽ ተካልኝ የሚዛን ኮሚቴ ሊቀመንበር ስለሆነ እምቢ አይባልም። ሻምበል ይባላል፣ በጉ። ሻምበል ሣር ፍለጋ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ሻምበል ከተኛ ፈተና ያመልጠኛል። ፋሲካ ላይ የበፊቱ ሲታረድ ሌላ እስኪገዛ ቤት ተቆልፎብኝ ከረምኩ፣ ጓደኞቼ «ነፍስ ይማር» ብለው ደወሉልኝ። ፋራዎች!

የኤልዳና አቻ ግን ባስሊኤል ነው።

ባስሊኤል ከቤት ወጥቶ አያውቅም፣ ማለቴ አንዴ ወጥቶ አያውቅም። ይወጣል፣ ቁልፍ ይረሳል፣ ይመለሳል። ይወጣል፣ ስልክ ይረሳል፣ ይመለሳል። ኤልዳና እዚህ ፀጉሯን ግማሽ ሠርታ መብራቷ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት። አንድ ቀን በገነች፣ የበሩን ማይክ ተጭና «አንተ! ወይ ውጣ ወይ ግባ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ በኩል ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ይቅርታ፣ ጫማዬን አጥቼው ነው... ድምፅሽ ግን ሲያምር።»

በቃ! አለቀ! ከዚያ ወዲህ እያወቀ ወደ ግራ አንዴ፣ ወደ ቀኝ ሁለቴ ይረግጣል፣ እሷም እየሳቀች ትረግጣለች። መሀላቸው ቅሉ በሙሉ እያለ ሁለቱ እስክስታ ይወርዳሉ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ልሞት ነበር፣ እንዴት እንደሚያምሩ!

እምብርቱ ላይ መገናኘት ጀመሩ፣ ተዋደዱ፣ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። እና ቀውጢው እዚህ ጋ ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ወፍራም። ሦስት ወፍራም ሰው ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ሦስት ወፍራም ሰው ወደ ምዕራብ መሄድ አለበት፣ ሕግ ነው። ከኛ በኩል ማን ተገኘ? አጎቴ ጋሽ ሙላቱ፣ አንድ ጎረቤታችን፣ እና አባቢ። የሙሽራዋ አባት! ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ተራ ገብተው ቤታችን ሲደርሱ እኔና እማዬ ብቻ ነን።

«አባወራው የታሉ?» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

«እናንተ ጋ» አለች እማዬ።

እውነትም አባቢ ባስሊኤል ቤት፣ እናቱ እትዬ ዘርፌ ሳሎን ተቀምጧል። ስልክ ተደወለ፣ ስፒከር ላይ ተደርጎ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ለስልኩ እጅ ነሣ። ማርያምን ለስልኩ ጎንበስ አለለት!

«ጤና ይስጥልን ጌታዬ።»

«አብሮ ይስጥልን። ቁጭ በሉ እንጂ» አለ አባቢ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እኔ እንኳን ተቀምጫለሁ» አለ አባቢ፣ አፉ ሞልቶ።

እማዬ ስልኩን ላፍ አደረገችው። «ምንድነው አፍህ ውስጥ ያለው?»

ከስልኩ ማላመጥ ብቻ ተሰማ።

«አንተን እኮ ነው!»

«...ዱለት።»

«ገና ልጅህን ሳትጠየቅ የጠያቂውን ዱለት በላህ?»

«እትዬ ዘርፌ ግድ አሉኝ፣ ትንሽ ነው የቀመስኩት...»

ከኋላ የእትዬ ዘርፌ ድምፅ ተሰማ፣ «ኧረ ሁለተኛ ሳህን ነው!» የሚል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲህ ከበሉማ...» አለ ትልቁ፣ ሦስቱም አንዴ ዘፍ አሉ፣ ወለላችን እጥፍ ብሎ ተመለሰ። በዚህ ሁኔታ ኤልዳና ታጨች።

ቀጥሎ የሰርግ ፈቃድ። ኢንጂነር ፌቨን ቤታችን ድረስ መጣች። ፌቨን የቅሉ ኢንጂነር ናት፣ ሁሌ ማስቲካ እያኘከች፣ ሁሌ አንድ ጆሮዋን ግድግዳ ላይ እየለጠፈች ነው የምትሄደው። በጣም ነው የምወዳት።

«ቅል ደግ ነው» አለችን። «እኩል ከተሠራጫችሁበት ከተማ ይሸከማል። አንድ ቦታ ላይ ከተከመራችሁ ግን እንደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጭርምት ነው የሚለው። አሁን ሁለቱ አንድ ቤት ከገቡ፣ በወዲያኛው ዳር እነሱን የሚያህሉ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት መሆን አለባቸው።»

«ማን?» አልናት።

ማስቲካዋን አቆመች። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚገጥመው። እማማ፣ አንቺ። እና የልጁ እናት።»

ወይኔ ጉዴ!

እስቲ አስቡት። ሙሽሮቹ ምዕራብ ከኖሩ እትዬ ዘርፌ ወደ እማዬ ትመጣለች። ምሥራቅ ከኖሩ እማዬ ወደ እትዬ ዘርፌ ትሄዳለች። እንዲህም አድርጉት እንዲያም፣ ሁለቱ እናቶች አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ማምለጫ የለም!

ለንግግር እምብርቱ ላይ ተገናኙ።

«ወንድ ልጅ ያገባል እንጂ እናት አታገባም» አለች እትዬ ዘርፌ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ምን ብዬ ነው የምገባው?»

«እኔስ ቤቴን ጥዬ ወደ እርስዎ ምን ብዬ ነው የምመጣው?» አለች እማዬ።

«ባልሽማ መንገዱን ያውቀዋል።»

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ውልቅ አለች። ጋሽ ተካልኝም ኮሚቴውን ሰብስቦ ወሰነ፦ ሰርጉ ይደረጋል፣ ከሰርጉ በኋላ ግን እናቶቹ እስካልተስማሙ ድረስ ሙሽሮቹ በየቤታቸው። ተጋብተው! በየቤታቸው! ኤልዳና አንሶላ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሻምበል እንኳን የዚያን ቀን አልወጣም።

እናቶቹ ደሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ክብደት ለመቀየር ተነሡ፣ እንዳይገጥሙ! እማዬ ጨጨብሳ ላይ ተቀመጠች፣ ጠዋት ጨጨብሳ፣ ቀን ጨጨብሳ። እትዬ ዘርፌ ደሞ ለመክሳት ሩጫ ጀመረች። ግን እነሱም እኮ አቻ ናቸው! እትዬ ዘርፌ ስትሮጥ የእማዬ መብራት ይጮሃል፣ እማዬም ጨጨብሳዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች። እትዬ ዘርፌ ደሞ ከሩጫው በኋላ ርቧት ትበላለች። በሚቀጥለው ምዘና ልክ እንደ በፊቱ፣ አንዷ ከሌላዋ ቅንጣት አትበልጥ! ፌቨን ውጤቱን ስታነብ ዞር ብላ ነበር የሳቀችው።

እና የሰርጉ ቀን ደረሰ።

ድግሱ እምብርቱ ላይ ነው፣ እሱ ችግር የለውም። ሙሽራዋ ግን የግድ ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣው፣ ሙሽራውም እዚያው በር ላይ መጥቶ ነው የሚወስዳት። ፌቨን ለሰፈሩ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ተናገረች፦ ከሙሽራው ጋር ሚዜዎቹ ብቻ ይምጡ፣ ሌላው እምብርቱ ላይ ይጠብቅ።

የጠበቀ ሰው አልነበረም። አንድም ሰው! ሁሉም «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ምን አመጣለሁ» ብሎ መጣ። ክብደት የሚቆጥረው የበራቸው ምንጣፍ ቤት ውስጥ ያሉ እንዲመስለው ደሞ ውሃ የሞላ ጀሪካን እየጎለቱበት። ምዕራብ በሙሉ በራችን ላይ! ከበሮው፣ ክላሪኔቱ፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ አራት ሰው የተሸከመው ኬክ!

እኛ ሴቶቹ ደሞ ከውስጥ በሩን ዘግተናል። በነጻ አናስገባም ነዋ! የሙሽራ በር እኮ ነው! እኔ ከፊት ነኝ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ። ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ እኛ እንገፋለን። እነሱ ይዘፍናሉ፣ እኛ እንሰድባቸዋለን። «ሚዜው ሱፉን ተበድሮ ነው!» ስል ሁሉም ሳቀ፣ እውነት ነበር መሰለኝ ሚዜው በንዴት ትከሻውን ይዞ መጣ። ከኋላው ሰፈሩ በሙሉ «አንድ፣ ሁለት» አለ...

ጓ!

ድምፁን በምን ልንገራችሁ? ሰማይ የሚያህል የውሃ ፕላስቲክ ሲጨመደድ በሉት። በራችን ፊት ያለው መሬት ወደ ታች ሰመጠ። አልተሰነጠቀም፣ ውሃም አልገባም፣ ብቻ ጎባጣው ወደ ውስጥ ገብቶ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ሆነ። እና ሁላችንም ተንሸራተትን! በሩ ተነቅሎ እኔን ጭኖኝ፣ በበሩ ላይ ተቀምጬ፣ እየጮህኩ! ከበሮው ተንከባለለ፣ ኬኩ ጋሽ ተካልኝ ላይ አረፈ፣ ኤልዳና ቬሎዋ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ባስሊኤል ደረት ላይ ወረደች። ቪዲዮ ቀራጩ እየተንሸራተተም አላቆመም። ማንም አልተጎዳም፤ ሰው በሰው ላይ ነዋ፣ ምቾት ነበረው እንዲያውም።

ፌቨን ከላይ ጣሪያ ላይ ብቅ አለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ማንም እንዳይነቃነቅ! ከጉድጓዱ የምትወጡት ከአቻችሁ ጋር ነው። አቻችሁን ፈልጉ፣ እኩል ተነሡ፣ ወደየራሳችሁ በር ሂዱ! የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ወለሉ ይመለሳል። ከቆያችሁ ግን ይሰነጠቃል!»

እና እንዴት አይነት ነገር ሆነ መሰላችሁ! ዕድሜ ልካቸውን ከዳር ዳር አብረው ሲራመዱ የኖሩ ሰዎች እዚያ ክምር ውስጥ ተፈላለጉ።

«አንቺ ነሽ እንዴ በየማለዳው የምትቀሰቅሺኝ?»

«አንተ ነህ በየምሳ ሰዓቱ ሽንት ቤት የምታመላልሰኝ?»

ይተቃቀፋሉ፣ ይሳደባሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይወጣሉ። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሰው እየቀነሰ መጣ። እኔ ግን አቻዬ የለም።

«ፌቨኔ! ሻምበልስ?» ብዬ ጮህኩ።

ፌቨን ወደ ጋሽ ተካልኝ አየች። ጋሽ ተካልኝ ከፊቱ ላይ ክሬም ጠረገና አንገቱን ደፋ። «ለልጆቹ ሰርግ ብዬ ነው... ወጥ ሆኗል፣ ጠዋት በልተነዋል።»

አቻዬ በሰው ሁሉ ሆድ ውስጥ ተበታትኗል! ፌቨን «አንቺ ብዙም አትከብጂ፣ ጥጉን ይዘሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ስለዚህ መጨረሻውን በዓይኔ አየሁት።

መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ከኔ ሌላ አራት ቀሩ፦ ኤልዳና፣ ባስሊኤል፣ እማዬ፣ እትዬ ዘርፌ። ወለሉ ሥር ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ነገር ይሰማል።

«ሙሽሮች» አለች ፌቨን፣ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጋ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አንቺ ወደዚህ በርሽ፣ አንተ ወደዚያ በርህ። አሁን!»

ሰው ሁሉ ከየበሩ ላይ ያያል። ኤልዳና የባስሊኤልን እጅጌ ጨበጠች። ባስሊኤል ደሞ፣ ያው ባስሊኤል ነው፣ «እሺ ኢንጂነር» ብሎ ተነሣ።

«የምን እሺ ነው?»

እትዬ ዘርፌ ናት። ሻሿ ወልቆ፣ ፀጉሯ ላይ ሩዝ ተበትኖ።

«እማ፣ ወለሉ ሊሰነጠቅ...»

«ይሰንጠቃ! ሚስትህን ጉድጓድ ውስጥ ትተህ ነው እሺ የምትለው? እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኩህ?» ኤልዳናን ወገቧን ይዛ ወደ እሱ ገፋቻት። «ይዘሃት ሂድ! ቤቱ ክፍት ነው። ጎመኑን ውሃ አጠጡት።»

«እርስዎስ?» አለች ኤልዳና።

እትዬ ዘርፌ ወደ እማዬ ዞረች። እማዬ አንድ ጫማ ጠፍቷት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ተፋጠጡ። ፌቨን ማስቲካዋን የዋጠች ይመስለኛል።

«ተነሺ እንጂ» አለች እትዬ ዘርፌ። «ቤትሽን አታሳዪኝም?»

«ቤቱ ተዝረክርኳል» አለች እማዬ፣ አቀርቅራ። «እንዲህ ሆኖ እንግዳ አይገባበትም።»

«እንግዳ ያልሽው ማንን ነው?»

እማዬ እጇን ሰጠቻት። እትዬ ዘርፌ ሳበቻት፣ ተንሸራታ ወደቀችባት፣ ሁለቱም ወደቁ፣ እንደገና ተነሡ፣ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግር፣ ተደጋግፈው፣ «ቀስ በይ»፣ «አንቺ ቀስ በይ» እየተባባሉ ወጡ። እማዬ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መቼ እንደተሻገረች ራሷም አላወቀችም። ወዲያ ማዶ ኤልዳናና ባስሊኤል እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ምዕራብ ይሮጣሉ፣ ቬሎው ቅሉን እየጠረገ። እናቶቹ ደፋችንን ሲረግጡ ሙሽሮቹ ወዲያኛውን ረገጡ።

ጓ!

ወለሉ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እኔን ከተቀመጥኩበት በር ጋር ሽቅብ ወርውሮ አወረደኝ። ከየበሩ እልልታው ቀለጠ፣ ዙሪያውን፣ ምሥራቅ ምዕራቡ እኩል። ጋሽ ተካልኝ ራሱ እልል አለ፣ ወንድ ሆኖ!

አሁን እትዬ ዘርፌ እኛ ጋ ናት፣ ማለትም የኔ አልጋ ላይ። በቀኝ በኩል ትተኛለች፣ ታንኮራፋለች፣ ብርድ ልብሱን ትጠቀልለዋለች። ከእማዬ ጋ ስለ ወጥ ቅመም ሲነታረኩ ይውላሉ፤ አባቢ በሁለቱ ድስት መሀል ወፍሮ የሚዛን ኮሚቴው አስጠነቀቀው። እና ፌቨን አቻ ሁሉ ስትቀያይር ለኤልዳና ማን ደረሳት መሰላችሁ? እትዬ ዘርፌ! ምራትና አማት! ለባስሊኤል ደሞ እማዬ!

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ የእትዬ ዘርፌ መብራት ብልጭ አለች። ጮኸች። እትዬ ዘርፌ ቆማ አየቻት። የእማዬ መብራት አልበራም፤ ባስሊኤል ቤቱ ነው ማለት ነው። ኤልዳና ብቻዋን ነው የወጣችው።

«አናዷት ነው» አለች እትዬ ዘርፌ። ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች።

እኔም ሮጬ ተከተልኳት፣ እንዲህ አይነት ነገር ያመልጠኛል እንዴ! አዲሱ በግ እንደ ዕድል ያን ሰዓት ወጥቶ ነበር። እምብርቱ ላይ ስንደርስ ኤልዳና አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ቀልቷል። ባስሊኤል የልደቷን ቀን ረስቶ ከጓደኞቹ ጋ ካርታ ሲጫወት አርፍዷል። እትዬ ዘርፌ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ ሰጠቻት።

ስልኳ ጠራ። ባስሊኤል ነው።

«እማ፣ ወደ ቤት ተመለሺ በናትሽ። አንቺ ካልተመለስሽ እሷ መመለስ አትችልም።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ዘርፌ፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች።

«እማ!»

«እኔ እዚህ ተመችቶኛል ልጄ። ነፋሱ ጥሩ ነው። አንተ መጥተህ ይቅርታ እስክትላት እኔ እዚህ ነኝ።»

«እኔ ልወጣ አልችልም እኮ፣ የኔ አቻ፣ የኤልዳና እናት ተኝተዋል! ደወልኩላቸው፣ አልነሣም አሉ!»

እትዬ ዘርፌ ስልኩን አራቀችና ኤልዳናን አየቻት፣ ኤልዳና እያለቀሰች ሳቀች። እማዬ የተኛች ያስመሰለችው እያወቀች ነበር። እስኪመሽ እንዳታስወጣው ተማክረዋል፣ ሁለቱ!

እኔ በጉ ሲገባ ቆሎውን ትቼ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። አልጋዬ መሀል ላይ፣ እጅና እግሬን ዘርግቼ፣ ብርድ ልብሱን ብቻዬን ጠቅልዬ ለጥ አልኩ። ይጣሉልኝ በናታችሁ፣ ብዙ አይደለም፣ በሳምንት አንዴ!